ጌታዬ፣ እዚህ አይውጡ

ጋሪው ከቆዳ ፋቂዎቹ ሰፈር ወጥቶ ወደ ወንዙ የሚወርደውን የድንጋይ መንገድ ሲይዝ፣ አሮጊቷ ሻማ ሠሪ ከጎኑ በእግሯ እየተራመደች መንኮራኩሩ ጉድጓድ በገባ ቁጥር ባለ ጋሪውን ትሰድበው ነበር። ባለ ጋሪውን ሰው ሁሉ «ነፋሱ» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት ለማሾፍ ነው፤ በእሱ ጋሪ የተጫነ ዕቃ በእግሩ ከሄደው ባለቤቱ በኋላ እንደሚደርስ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ያን ቀን ግን ነፋሱም ቢሆን በቅሎዋን ፋታ አልሰጣትም። ፀሐይ ስትጠልቅ የድልድዩ በር እንደሚዘጋ፣ መቼ እንደሚከፈትም እንደማይታወቅ አዋጅ ነጋሪው ከጠዋት ጀምሮ በየመንገዱ ሲለፍፍ ውሏል። የቀድሞው ገዢ በጦርነት ተሸንፎ ተሰውሯል፤ አዲሱ ገዢ ደግሞ እሱን ሳይዝ እንቅልፍ አይወስደውም። በየበሩ የሚያልፍ ጭነት ሁሉ በጦር እየተወጋ ይፈተሻል።

ጋሪው ላይ የተወጠረው ሸራ ሰሙን ፀሐይ እንዳያቀልጠው ዙሪያውን እስከ ታች ታስሯል። ከሸራው ሥር በሁለት ረድፍ የሻማ ሣጥን ተደርድሯል፤ በመካከሉ ጭድ ተጎዝጉዞ ወፍራም ብርድ ልብስ ተነጥፏል፤ ብርድ ልብሱ ላይ ደግሞ የአሮጊቷ ምራት፣ የአንድ ልጇ ሚስት፣ በጎኗ ተኝታለች። ሻማው ከወንዙ ማዶ ላለው የመነኮሳይያት ገዳም የታዘዘ ነው። ሰው ሲጠይቃቸው ሻማ ልናደርስ ነው ይበሉ እንጂ፣ እውነተኛው ጉዳያቸው የገዳሙ ሕሙማን ቤት ያለችው አዋላጅ ነበረች።

ምራትየዋ ወሯ ገብቷል። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። ሦስተኛው ቀኑን ጠብቆ ቢመጣም በጭንቅላቱ ሳይሆን በእግሩ መጣ፤ አዋላጇ መነኩሲት ድልድዩን ተሻግራ እስክትደርስ ነገሩ ሁሉ አልቆ ነበር። መነኩሲቷ ያን ቀን እጇን ታጥባ ስትወጣ ምራትየዋን ግንባሯ ላይ ስማ፣ የሚቀጥለው ጊዜ ምጡ ሳይጀምርሽ መጥተሽ አጠገቤ ተኚ አለቻት። ስለዚህ ለእነዚህ ለሁለቱ ሴቶች ዛሬ ድልድዩን መሻገርና አለመሻገር፣ ልጅ ማግኘትና አለማግኘት ማለት ነበር።

ስለ ልጁ ካነሳን አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል፤ በኋላ የተፈጠረው ጉድ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነውና። ምራትየዋ የመጀመሪያውን ፅንስ «አንተ» እያለች ነበር የምታነጋግረው። ሁለተኛውን «አንቺ» አለችው። ሦስተኛውን ደግሞ ጠዋት አንተ፣ ማታ አንቺ እያለች፣ ሸሚዝ እየሰፋችለት፣ ገና ሳይወለድ አንዴ እየተቆጣችው አንዴ እያባበለችው ከረመች። አራተኛውን ያረገዘች ጊዜ ግን ሰም ማቅለጫው ድስት አጠገብ ተቀምጣ ክር ስትገምድ፣ ከመሬት ተነስታ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ «እንደምን አደሩ ጌታዬ» ስትል ተሰማች። አሮጊቷ እንግዳ የመጣ መስሏት በር ልትከፍት ብድግ አለች።

ምራትየዋም ምክንያቷን ክሩን መግመዷን ሳታቆም አስረዳቻት። እነዚያን ሦስቱን ገና ደጅ ሳሉ እንደ ቤተኛ ደፍራቸው ነበር። ይሄኛው እንግዳ ነው፤ ይደር ወይም ይለፍ እሷ አታውቅም፤ እንግዳ ደግሞ ይከበራል። ተረጋግቶ፣ ቤቴ ነው ብሎ የተቀመጠ ዕለት ያኔ አንተም አንቺም ይባላል። አሮጊቷ በወቅቱ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ማታ ግን ጓዳ ገብታ በሩን ዘግታ አለቀሰች፤ በማግስቱም ለምራቷ ሾርባ ስታቀርብ ዓይኗን ወደ ሆዷ ዝቅ አድርጋ፣ «እርስዎም ይቅመሱ» አለች።

አሮጊቷን የሚያስቃት ሌላም ነገር ነበር። ምራትየዋ ስትሠራ ድምፅ አውጥታ ትጸልያለች። የሻማ ሥራ ጥድፊያ አይወድም፤ ክሩን ሰም ውስጥ ነክሮ ማውጣት፣ እስኪደርቅ መጠበቅ፣ እንደገና መንከር ነው። ምራትየዋ በዚያ በመጠበቂያው ሰዓት አጠገቧ እንደተቀመጠ ሰው ከእግዚአብሔር ጋር ታወራለች። «ዛሬ ወገቤን ይዞኝ ነው የዋለው፤ አንተም አይተሃል። እኔስ ግድ የለም፤ እሳቸውን ግን ደህና አድርግልኝ» ትልና ወደ ድስቱ ትመለሳለች። አሮጊቷም ለጎረቤት ስታወራ፣ የኔ ምራት ፈጣሪን አንተ፣ ፅንሷን አንቱ የምትል ጉድ ናት ትል ነበር።

አሮጊቷ ራሷ ከእግዚአብሔር ጋር ኩርፊያ ላይ ነበረች። ልጇ መንኮራኩር ጠጋኝ ነው። የቀድሞው ገዢ ጦር ሲዘምት ለጋሪዎቹ ጥገና ያስፈልጋል ብለው ከሥራ ቦታው ላይ ወሰዱት፤ ጦሩ ተሸነፈ፤ ከዚያ ወዲህ የልጁ ወሬ ጠፋ። እሷም ከዚያ ወዲህ ለምና አታውቅም። ሻማውን ትሠራለች፣ ቤተ ክርስቲያን ታደርሳለች፣ ከሰው ጋር ትቆማለች፣ ሰው አሜን ሲል ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ከዚያ ያለፈ ቃል ግን አይወጣትም። ምራትየዋ ይህን ብታውቅም አንድም ቀን አልወቀሰቻትም፤ ለሁለታቸውም እሷው ትጸልይ ነበር።

የድልድዩ በር ሲደርሱ ሰልፉ ከውሃው ዳር እስከ ገበያው ጥግ ተዘርግቷል። ከፊታቸው ሸክላዎቿን በቅርጫት ያዘለች ሸክላ ሠሪ ቆማለች፤ ከኋላቸው ደግሞ አንድ ሰፊ ቆብ የደፋ የእህል ነጋዴ ከአህዮቹ ጋር ይነጫነጫል። በሩን የሚጠብቀው ሃምሳ አለቃ ለሹመቱ አዲስ ነው፤ ቀበቶው እንኳ ገና አልተለካለትም፤ ሰፍቶት በየጊዜው ወደ ላይ ይስበዋል። ከእሱ በፊት የነበረው አለቃ የቀድሞውን ገዢ አሽከር ሳያውቀው በማሳለፉ ወህኒ ወርዷል። ሃምሳ አለቃው ይህ በእሱ እንዲደርስበት አልፈለገም፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ጭነት ራሱ እየዞረ፣ ጆሮውን እያስጠጋ፣ በጣቱ እየመታ ነበር የሚያየው።

ወደ ሻማው ጋሪ የመጣው አሮጊቷ ከፊት የበቅሎዋን ልጓም ይዛ ሳለ ነው። እሱ ከኋላ፣ ከሸራው ጋር ተጣብቆ ቆመ። በዚያች ቅጽበት ውስጥ ያለው እንግዳ በእግሩ በኃይል ገፋት፤ ምራትየዋም ሆዷን ይዛ በሹክሹክታ አናገረችው።

«ጌታዬ፣ እባክዎ እግርዎን ይሰብስቡ። ትንሽ ነው የቀረን። ድልድዩን እስክንሻገር ድረስ ይታገሡ፣ እዚህ አይውጡ።»

ሃምሳ አለቃው ሰማ። ወዲያው ቀበቶውን ሳበ፣ ሁለት ጭፍሮቹን በእጁ ጠቀሰና ወደ አሮጊቷ ሄደ። ውስጥ ማን እንዳለ ጠየቃት፤ ምራቴ ናት አለችው።

«ብቻዋን ናት?» አላት።

አሮጊቷ አፏን ከፍታ ዝም አለች። ብቻዋን ናት ብላ ብትመልስ ነገሩ ሁሉ ባለቀ ነበር። ነገር ግን ያ እንግዳ በእንግድነት ተከብሮ እዚያው እየሰማት፣ ሌላ ሰው የለም ብላ በአፏ መካድ ሟርት መሰላት። ሦስት ጊዜ ያጣ ሰው እንዲህ ያለ ቃል ያስፈራዋል። ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች። ሃምሳ አለቃውም በዚህ ዝምታ ያልጠረጠረውን ጭምር ተረዳሁ አለ።

ከበሩ ፊት ያለው ደረጃ ላይ ወጥቶ ሰልፈኛው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብሎ ተናገረ። እዚህ ጋሪ ውስጥ የተደበቀ ሰው አለ፤ ይህ ሰው ወጥቶ በዓይኔ ሳላየው በሩ ለማንም አይከፈትም አለ። ሰልፉ አጉረመረመ፤ የእህል ነጋዴው ፀሐይዋን እያየ አማረረ። ሃምሳ አለቃው ወደ ሸራው ዞሮ፣ የሚያናግረው ትልቅ ሰው ነውና ድምፁን አስተካክሎ፣ «ጌታዬ፣ በክብር ይውጡ። እምቢ ካሉ በጦር ነው የምናወጣዎት» አለ።

ምራትየዋ ከውስጥ ይህን ሰማች። ሰውየው ለማን እንደሚናገር አላሰበችም፤ የታያት ልጇን በጦር ሊያወጡባት መሆኑ ብቻ ነው። ሆዷን በሁለት እጇ አቅፋ፣ «አይውጡ፣ አይውጡ ጌታዬ፣ አይስሟቸው» ስትል ውጭ ያለው ሁሉ ሰማት።

አንደኛው ጭፍራ ጦሩን ሰበቀ። አሮጊቷ ልጓሙን ጥላ ጦሩ ዘንግ ላይ ተጠመጠመች፤ ጫፉ ግን ሸራውን በስቶ ገብቶ ነበር። በዚህን ጊዜ በሕይወቱ ለምንም ነገር ተጣድፎ የማያውቀው ነፋሱ ቢላውን መዘዘና የሸራውን ገመድ በአንድ ምት በጠሰው። ሸራው ወደ ጎን ወደቀ። ሣጥኖቹ ታዩ፤ ጭዱ ታየ፤ በመካከሉ ሆዷ የገፋ አንዲት ወጣት ሴት ታየች፤ ዓይኗ በፍርሃት ፈጧል።

ጭፍሮቹ ሣጥኖቹን አነሱ፣ ጭዱን ገለበጡ፣ ከጋሪው ሥር ተንበርክከው አዩ። ሰው የለም። ሃምሳ አለቃው ግራ ገብቶት ጌታዬ ስትይው የነበረው ሰው የት ሄደ ሲላት፣ እንባዋ ጉንጯ ላይ እየወረደ እጇን ሆዷ ላይ አደረገች።

«እሳቸው ናቸው» አለች።

መጀመሪያ የሳቀችው ሸክላ ሠሪዋ ናት። ከዚያ ሳቁ በሰልፉ ላይ ተያይዞ እስከ ገበያው ጥግ ሄደ፤ ያልሰማው ከሰማው እየጠየቀ እንደገና ይስቃል።  ሃምሳ አለቃው ግን ሳቁን ልብ ያለው አይመስልም፤ የሚያየው ሸራው ላይ ጦሩ የበሳውን ቀዳዳ ነበር። ቀዳዳው ከትራሷ አንድ ስንዝር አይርቅም። ጦሩን ከጭፍራው እጅ ተቀብሎ ራሱ ግድግዳው ላይ አስደገፈውና ቆቡን አወለቀ። ለአሮጊቷም፣ አሁን አንቺ ማለቱን ትቶ፣ እናቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ አላት።

አሮጊቷ አንድ የሚያሳርር መልስ አዘጋጅታ ነበር። ምራቷ ግን እጇን ያዘቻት።

«እማማ፣ ፈሰሰብኝ።»

ጭዱ ርሷል። አሮጊቷ አይታ ገባት። የሽርት ውሃው ከፈሰሰ በኋላ በጋሪ መናጥ እንደሌለባት መነኩሲቷ አስጠንቅቃ ነበር፤ የድልድዩ ድንጋይ ደግሞ ካለፉት መንገድ የባሰ ነው። አዋላጇ ማዶ ናት፤ እነሱ እዚህ ናቸው፤ ምጡ መጥቷል። ያለፈው ጊዜ ታሪክ ያው ሊደገም ነው ብላ አሰበች፤ የጋሪውን ጠርዝ ይዛ ቆመች።

ሃምሳ አለቃው ጠብ እርግፍ ማለት ጀመረ። ምራትየዋን ራሱና ነፋሱ በብርድ ልብሱ ተሸክመው ከበሩ ጎን ወዳለው ክፍሉ አስገቧት። ፈጣን ጋላቢ ነው የሚባለውን ጭፍራ አዋላጇን እንዲያመጣ ወደ ገዳሙ ሰደደው። በሩን ግን መልሶ አዘጋው። የእህል ነጋዴው ይሄ ደግሞ ምን ይሉታል ብሎ ሲጮህ፣ ድልድዩ የሚያሳልፈው አንድ ጋሪ ብቻ ነው፣ እናንተን ከለቀቅኋችሁ አዋላጇ ድልድዩ መሐል ትቆማለች አለው። «ቅድም እንደተናገርኩት ነው» ብሎም ጨመረ፤ «የተደበቀው ሰው ሳይወጣ በሩ አይከፈትም።» ይህን ጊዜ የሳቀ የለም። ሸክላ ሠሪዋ ቅርጫቷን አውርዳ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ሌሎቹም አንድ በአንድ እሷን ተከትለው ተቀመጡ።

ክፍሉ ጠባብ ነው። አንድ የገመድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ የቁልፍ ዘለላና የፈረስ ኮርቻ አለበት። አሮጊቷ የጭፍሮቹ ምድጃ ላይ ውሃ ጣደች፤ ከሣጥኖቹ አንዱን ከፍታ ለገዳሙ የታዘዙትን ረጃጅም ሻማዎች እያበራች መስኮቱ ላይ ደረደረች፤ ክፍሉ ፀሐይ አይገባውምና። እጇ እየተንቀጠቀጠ ሰሙ ጣቷ ላይ ይፈስሳል፤ እሷ ግን ዕድሜዋን ሙሉ የለመደችው ነገር ስለሆነ አልተሰማትም።

መነኩሲቷ ደረሰች። ወፍራም ሴት ናት፤ ከጋላቢው ጀርባ ተጣብቃ ነበር የመጣችው፤ ስትወርድም ሁለተኛ ፈረስ ላይ ብወጣ ብላ አማተበች። ወዲያው እጅጌዋን ሰብስባ፣ ታጥባ፣ ምራትየዋን ዳሰሰቻት። ለረጅም ጊዜ ዳሰሰቻት። ከዚያ ለአሮጊቷ ብቻ እንዲሰማ አድርጋ፣ ይሄም በእግሩ ነው የሚመጣው አለቻት። የአሮጊቷን እጆች አየችና ከነሻማው በቀስታ ያዘቻቸው። እነዚህ እጆች ዛሬ አይረዱኝም፣ ውጪ ሁኚልኝ አለቻት፤ ከሰልፉም ሸክላ ሠሪዋን አስጠራች፤ በጭቃ ሥራ የጠነከረ፣ የማይንቀጠቀጥ እጅ ፈልጋ ነው።

አሮጊቷ ልትወጣ ስትል ምራቷ ቀሚሷን ያዘቻት።

«እማማ፣ እኔ አሁን መጸለይ አቃተኝ። ስጀምረው ምጡ ይነጥቀኛል። እርስዎ ይጸልዩልኝ።»

«ልጄ፣ እኔና እሱ ከተነጋገርን እኮ ቆየን።»

«ግድ የለም» አለች ምራትየዋ፣ ላቧ በዓይኗ እየገባ። «እሱ አልተቀየመዎትም። ዝም ብለው ይጀምሩት።»

ደጃፉ ላይ የድንጋይ ደረጃ አለ፤ አሮጊቷ እዚያ ተቀመጠች። ፀሐይ ወደ ውሃው ተጠግታለች። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ከየት እንደምትጀምር አሰበች። በቃል የምታውቀው ጸሎት ሞልቷል፤ ዛሬ ግን በቃል የሚያውቁትን ማለት ሰው ፊት ቆሞ ወረቀት እንደማንበብ ሆነባት። ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እንደምን ዋሉ» አለች በመጨረሻ። «እርስዎ... ሥራ እንደሚበዛብዎ አውቃለሁ። ባላስቸግርዎ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ልጅቷ ላከችኝ።»

ሃምሳ አለቃው በሩን ተደግፎ ቆሞ ሰማት። ሰው ከተኳረፈው ሰው ጋር እንዲህ ነው የሚነጋገረው፤ በአንቱታ፣ ከሩቅ፣ ቃል እየቆጠቡ። ይህን እሱም ያውቀዋል፤ ስለዚህ አልሳቀም። ጥቂት ቆይቶ ከደረጃው ዝቅ ብሎ አጠገቧ ተቀመጠ፤ እኔስ ምን ልበል አላት። አሜን በል አለችው።

እንዲህ እያሉ ቆዩ፤ እሷ በአንቱታ ትለምናለች፣ እሱ አሜን ይላል። ከውስጥ የምራትየዋ ድምፅ ከፍ ሲል ሁለቱም ዝም ይላሉ፤ ዝቅ ሲል ይቀጥላሉ። በመካከሉ ሃምሳ አለቃው ዓይኑን ከመሬቱ ሳያነሳ ስለ ሚስቱ ነገራት። ከተጋቡ ብዙ ዓመታቸው ነው። መጀመሪያ ወር በመጣ ቁጥር ይጠይቃት ነበር፤ ጥያቄው እንደሚያስለቅሳት ሲያይ መጠየቁን ተወ፤ አሁን ስለ ልጅ ማንሳት በቤታቸው ቀርቷል። ጓዳ ገብታ ብቻዋን እንደምትጸልይ ያውቃል፤ አብሯት ለመንበርከክ ግን ያፍራል።

«ገና ላልተፀነሰም አንቱ ይባላል እንዴ?» ብሎ ጠየቃት።

 «እሱን ምራቴን ጠይቃት፤ አዋቂዋ እሷ ናት» አለችው። «እኔ ዛሬ ነው የጀመርኩት።» ከዚያ ግን እጁን ያዘችና የእሱንም ሚስት በጸሎቱ ጨመረቻት፤ «የዚህንም ልጅ ቤት ይጎብኙለት፤ ባለቤቱ ብቻዋን እየለመነች ነው» አለች። ሃምሳ አለቃው ሁለት ጊዜ አሜን አለ።

ሰልፈኛው ይህን ሁሉ ያይ ነበር። የእህል ነጋዴው ሰፊ ቆቡን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዟል። ነፋሱ በቅሎዋን ሊያጠጣ ወስዶ እዚያው ውሃው ዳር ተንበርክኮ ቀርቷል። አንዲት ሴት ቀስ ብላ መዝሙር ጀመረች፤ የሚያውቁት አብረዋት አንጎራጎሩ። ፀሐይዋ የወንዙን ውሃ ነካች።

ከውስጥ አንድ ረጅም ጩኸት ተሰማ። ከዚያ የመነኩሲቷ ድምፅ፤ በርቺ፣ በርቺ፣ አሁን። ከዚያ ደግሞ ምንም።

አሮጊቷ ይህን ዝምታ ታውቀዋለች። ያለፈው ጊዜ በጆሮዋ ሰምታዋለች፤ ጓዳው በር ላይ ቆማ ይሰበራል ብላ ስትጠብቀው ሳይሰበር ቀርቷል። መዝሙሩ ቆመ። ሰው ሁሉ ዓይኑን ከበሩ ነቅሎ ወደ እሷ አየ። እሷ ተነሳች፤ እንዴት እንደተነሳች አታውቅም፤ ፊቷን ወደ ሰማይ አቀናች።

«አንተ» አለች።

ድምፁ ከእሷ የወጣ አይመስልም ነበር። እናት ልጇን፣ ሚስት ባሏን፣ ሰው በጣም የቅርቡን ሰው ሲቆጣ የሚያወጣው ድምፅ ነው።

«አንተ፣ ስማኝ እንጂ። ሦስቱን ወስደሃል፤ ዝም አልኩህ። ልጄን የት እንዳደረግኸው አልነገርከኝም፤ ዝም አልኩህ። አሁን ግን ዝም አልልህም። ከአንተ ሌላ የምቆጣው የለኝም፤ ከአንተ ሌላ የምለምነውም የለኝም። ይህቺን አንዲት ነፍስ ስጠኝ። አባቴ፣ እባክህ ስጠኝ።»

ተንበረከከች። ሃምሳ አለቃው እንዳትወድቅ ደግፎ ይዟት እሱም አብሮ ተንበረከከ። ከውስጥ የሆነ ነገር በእጅ መዳፍ ቸብ፣ ቸብ ሲደረግ ይሰማል። እንደገና ቸብ። ከዚያ በጣም ቀጭን፣ ዘይት እንዳጣ የበር ማጠፊያ ያለ ድምፅ ተሰማ። አንድ ጊዜ ብቻ። ሰልፉ በሙሉ ትንፋሹን ያዘ። ከዚያ ድምፁ ተመለሰ፤ ንዴት ጨምሮ፣ ጉልበት ጨምሮ፣ ያለ ፋታ የሚጮህ፣ የሚከስስ፣ ጤነኛ ልቅሶ ሆነ።

አሮጊቷ አልተንቀሳቀሰችም። ስለ መስማቷ እርግጠኛ አልነበረችም። ሰው ሁሉ እያለቀሰና እየሳቀ ሲተቃቀፍ ስታይ ነው ያመነችው።

በሩ ተከፈተ። መነኩሲቷ ፊቷ በላብ ርሶ ብቅ አለች። እናቲቱ ደክማለች እንጂ ደህና ናት፤ ብዙም ደም አልፈሰሳትም አለች። ከዚያ በክንዷ የያዘችውን ጥቅልል አሮጊቷ እጅ ላይ አስቀመጠችላት። ጥቅልሉ ሙቅ ነው፤ ይንቀሳቀሳል፤ ከጨርቁ የወጣ አንድ ትንሽ እግር አየሩን ይረግጣል። አሮጊቷ ጨርቁን ገለጥ አድርጋ ለረጅም ጊዜ አየች።

ሃምሳ አለቃው ቁልፉን ይዞ ትልቁ በር ዘንድ ሄዶ ቆሟል። ሰልፉ ከኋላው ተነስቶ ቆሟል። ቁልፉን ወደ በሩ ቀዳዳ አስጠግቶ፣ ሥራው ነውና፣ በሥርዓቱ ዞሮ ጠየቃት።

«ወጣ?»

አሮጊቷ ቀና ብላ አየችው። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል፤ ሁለቱም እጆቿ ስለተያዙ የሚጠርገው የለም።

«ወጣች» አለችው።